ደጋ የወጣ ሞተር ለምን ያጨሳል?

ጥያቄ፦ መተማ ላይ ሲሠራ የነበረ ባለ 20 የፈረስ ጉልበት የናፍጣ ሞተር ገዝተን ደብረ ማርቆስ ወፍጮ ተከልንበት። እዚያ ደህና ነበር አሉን፤ እዚህ ግን ጤፍ ሲበዛበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ድምፁም ይወርዳል። መካኒኩ «ናፍጣ አንሶታል» ብሎ ፓምፑን ከፈተው፤ ጭሱ ባሰ እንጂ ጉልበቱ አልጨመረም። ምን ብናደርግ ይሻላል?
የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ያነሰው አየር ነው እንጂ ናፍጣ አይደለም። 1 ኪሎ ናፍጣ ነድዶ ለማለቅ 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሲሊንደሩ ውስጥ ግን ሁለቱ ለመደባለቅ ያላቸው ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ ሞተሩ ሳያጨስ እንዲሠራ 18 ወይም 20 ኪሎ ማግኘት አለበት። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ የእናንተው ሞተር ከ15 ወይም ከ16 የፈረስ ጉልበት ብዙም አያልፍም። ተጨማሪው ናፍጣ አየር ሲያጣ ጥላሸት ሆኖ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ይወጣል፤ ከፊሉም ዘይቱን ያጠቁራል፣ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) ያጣብቃል።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ይዩ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሞተሩ የሚስበው የዱቄት ብናኝ ነውና (ሞተሩን ከወፍጮው በግድግዳ ለይቶ አየሩን ከውጭ ማስገባት ከሁሉ ይበልጣል) ፊልትሮው በዘይት የሚሠራ ከሆነ ዘይቱን ይቀይሩ፣ ሽቦውን በናፍጣ አጥበው ያድርቁ። ከዚያ ፓምፑን በሙሉ ጭነት ጭሱ ሳሳ ያለ ግራጫ እስኪሆን ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ይመልሱት። የእህል መውረጃውንም ጠበብ ያድርጉ፤ ኩንታሉ ትንሽ ይዘገያል፣ ናፍጣው ግን ይቆጠባል። ለማመን ከፈለጉ ባለ 1 ሊትር ምልክት ያለው ዕቃ በቱቦ ያገናኙና ማስተካከያው ከመደረጉ በፊትና በኋላ በ1 ሊትር ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚፈጭ ይመዝኑ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጭሱ ካልቀነሰ ተጠርጣሪው ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ኖዝል ነው። ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) አውጥተው አፉን ወደ ውጭ አዙረው ከናፍጣ ቱቦው ጋር ያገናኙትና መዘውሩን በእጅ ያዙሩ፦ ጤነኛው እንደ ጉም በትኖ ይረጫል፣ ሲያቆምም አይንጠባጠብም። እጅዎን ፊት ለፊቱ አያድርጉ፤ ግፊቱ ናፍጣውን ቆዳ ሰርስሮ ያስገባዋል፤ ይህ ከደረሰ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ጠዋት ሲነሣ ጥቂት ነጭ ጭስ ቢያሳይ የብርድ ነው። ሞቆም ካልተወ ናፍጣው የሚረጨው ዘግይቶ ነው ወይም የሲሊንደሩ የአየር ግፊት ወርዷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፣ ፋሻ ያስፈትሹ።

ጥያቄ፦ ባዮጋዝ ካስቆፈርን በኋላ ለሲሊንደር ጋዝ የተሠራውን ምድጃችንን አገናኘንበት። ነበልባሉ ትንሽ ነው፤ ከአፉ ይነሣና ይጠፋል።
ከዳንግላ

መልስ፦ በእኩል መጠን ሲለካ የባዮጋዝ ሙቀት ከሲሊንደር ጋዝ ሩብ አይበልጥም፤ ግፊቱም አነስተኛ ነው። ስለዚህ የጋዝ መውጫዋ ቀዳዳ ትጠበዋለች። በዚያ ላይ 1 እጅ የሲሊንደር ጋዝ ከ24 እስከ 30 እጅ አየር ሲፈልግ ባዮጋዝ 6 እጅ ያህል ይበቃዋል። ምድጃው አየር ያበዛበታል፤ የባዮጋዝ ነበልባል ደግሞ ዝግ ያለ በመሆኑ ንፋሱ ከአፉ ያነሣዋል። የአየር መግቢያ ቀለበቱን ነበልባሉ ቢጫ እስኪሆን ይዝጉ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆኖ አፉ ላይ እስኪቀመጥ ቀስ ብለው ይክፈቱ። ካልበቃ ቀዳዳዋን በባለሙያ ማስፋት ይቻላል፤ ለባዮጋዝ የተሠራ ምድጃ መግዛት ግን የተሻለ ነው። ቀዳዳው የሰፋ ምድጃ ከሲሊንደር ጋዝ ጋር ዳግመኛ አይገናኝ፤ ነበልባሉ ከምድጃው ወጥቶ ቤት ያቃጥላል።