ጠቅላይ አምባገነን እንዴት ይገባል፣ እንዴትስ ይቆያል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

የጥያቄዎቹን አነጋገር ብዙም ሳልነካ አቅርቤያለሁ። በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ዓ.ም.፣ በአውሮፓ የሆነውን እ.ኤ.አ. ብዬ ለይቻለሁ።

ከደሴ፣ ሸዋ በር፦ መምህር፣ ንጉሡም ፈላጭ ቆራጭ ነበሩ፣ ደርግም አምባገነን ነበር። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ከሰው የሚፈልጉት ነገር ይለያያል። ተራው አምባገነን ወንበሩን እስካልነኩበት ድረስ ሰው በጓዳው ምን እንደሚያስብ ብዙም አይጨንቀውም። ግብሩን ከፍሎ፣ እጅ ነሥቶ፣ ዝም ብሎ የኖረ ይተርፋል። እንደ ደርግ ያለው ጠቅላይ አምባገነን ግን ዝምታን ራሱን እንደ ተቃውሞ ይቆጥረዋል። ሰልፍ ውጣ፣ መፈክር አሰማ፣ ውይይት ክበብ ግባ፣ ግለ ሂስ አድርግ ይላል። ከእሱ ውጭ የቆመ ማኅበርም አይወድም። ደርግ ለሠራተኛው መኢሠማን፣ ለገበሬው መኢገማን፣ ለሴቶች አኢሴማን፣ ለወጣቱ አኢወማን ያቋቋመው ማንም በራሱ ፈቃድ የሚሰበሰብበት ቦታ እንዳይቀር ነው።

ከኮምቦልቻ፣ ተማሪ ነኝ፦ ሕዝብ እያየ እንዴት ይገባሉ? በአንድ ሌሊት ነው?

በአንድ ሌሊት አይደለም፤ ግን ሰው ከሚገምተው ይፈጥናል። ሂትለር ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 እ.ኤ.አ. ቻንስለር የሆነው በሕጋዊ ሹመት ነበር። በካቢኔው ውስጥ ከእሱ ሌላ የፓርቲው ሰዎች ሁለት ብቻ ስለነበሩ፣ የሾሙት ወግ አጥባቂዎች እንቆጣጠረዋለን ብለው ነበር። ፌብሩዋሪ 27 የፓርላማው ሕንፃ ተቃጠለ፤ በማግስቱ የመናገር፣ የመሰብሰብና የደብዳቤ ምስጢር መብት በድንጋጌ ታገደ። ማርች 23 ያለ ፓርላማ ሕግ የማውጣት ሥልጣን በ444 ለ94 ድምፅ ተሰጠው፤ የኮሚኒስት ተመራጮች ቀድመው ታስረው ወይም ተሰደው ስለነበር በድምፅ አሰጣጡ አልነበሩም። ጁላይ 14 ከናዚ ፓርቲ ሌላ ፓርቲ ማቋቋም ወንጀል ሆነ። ከሹመቱ እስከዚያ ስድስት ወር አልሞላም።

የእኛም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደርግ ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ንጉሡን ወዲያው አልነካም። መጀመሪያ መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን አንድ በአንድ አሰረ፣ ቀጥሎ የዘውድ ምክር ቤቱንና ዙፋን ችሎቱን አፈረሰ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን በቮልስዋገን ሲወስዳቸው ዙሪያቸው ባዶ ነበር። በእያንዳንዱ እርምጃ ያልተነካው ወገን «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ይላል። ከደርግ ጋር ይሠራ የነበረው የግራ ፓርቲ መኢሶን፣ ቀበሌዎች እንዲታጠቁ በማድረግ የራሱ ድርሻ ነበረው። በነሐሴ 1969 ከደርግ ጋር ተለያይቶ ሲሸሽ ግን ያው መዋቅር በእሱ ላይ ዞረ።

ከደሴ፣ አራዳ፦ እናቴ ዛሬም «ቀበሌ» ሲባል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። አንድ የሰፈር ጽሕፈት ቤት ያን ያህል ኃይል ከየት አገኘ?

ከቤት ነው የተነሣው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነውን ቤት ቀበሌ እንዲያስተዳድር ተሰጠው፤ ኪራይም ተቀነሰ። ብዙ ድሃ ተከራይ ይህን በደስታ መቀበሉ መታወስ አለበት፤ ያለዚያ የኋላው አይገባም። ቀበሌ መጀመሪያ የመጣው ስጦታ ይዞ ነው።

ከዚያ በዚያው ቢሮ ላይ ሌላው ሁሉ ተደራረበ። መታወቂያው ከቀበሌ፤ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ፤ ወደ ሌላ ክፍለ አገር ለመሄድ የይለፍ ወረቀቱ ከቀበሌ፤ ለሥራ የድጋፍ ደብዳቤው ከቀበሌ። የፍርድ ሸንጎው፣ እስር ቤቱና መሣሪያ ያነገበው አብዮት ጠባቂም የቀበሌው ነው። እንዲህ ሲሆን ሊቀመንበሩ ዱላ ማንሣት እንኳ አያስፈልገውም። ስብሰባ የቀረች እናት ስኳር ልትወስድ ስትሰለፍ «እሑድ አላየንሽም» ብትባል፣ ለሚቀጥለው ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች፤ መፈክሩንም ጮክ ብላ ትላለች። ስኳር፣ ቤትና መታወቂያ በተለያየ እጅ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ሲከለክላት በሌላው ትኖር ነበር።

በ1969 እና በ1970 ቀይ ሽብር ሲፋፋም ማን በየትኛው ቤት እንደሚያድር የሚያውቀው ቀበሌ ስለነበር የቤት ለቤት አሰሳው በእሱ እጅ ተካሄደ። የተገደለ ልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ፣ ማልቀስ የተከለከሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ይህ ጭካኔ ብቻ አልነበረም። እንደ ወሎ ባለ አገር ለቅሶ የቅሬው (የዕድሩ) ሁሉ ጉዳይ ነው፤ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ያድራል። ለቅሶ ከተከለከለ ያ ቤት ሰው አይገባበትም፤ የገባም ይታወቃል። ሐዘንተኛውን ከቅሬው ነጥሎ ብቻውን ያስቀረዋል።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ ይህን ሁሉ ሰው ለመሰለል ስንት ሰላይ ይበቃል?

እንደ አገሩ ይለያያል። ምሥራቅ ጀርመን 16 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይዛ በ1989 እ.ኤ.አ. 91 ሺህ ገደማ ቋሚ የደኅንነት ሠራተኞችና ከ170 ሺህ በላይ ምስጢራዊ ጠቋሚዎች ነበሯት። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሰውን ሳያስሩ ማፍረስን በመመሪያ ጻፉት፦ ሐሜት መንዛት፣ ትዳሩን ማናጋት፣ በሥራው እንዲወድቅ ማድረግ፣ ወዳጆቹ እንዲጠረጥሩት ማድረግ። የደርግን ደኅንነት ካሠለጠኑት አንዷ ይህችው አገር ናት።

የሂትለር ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ግን ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነበር። ብዙው ፋይል የተከፈተው ተራ ሰው ራሱ ሄዶ በሰጠው ጥቆማ ነው፤ የጥቆማው ምክንያትም ብዙ ጊዜ የቤት ጥል፣ የንግድ ቅናት፣ የቆየ ቂም ነበር። መንግሥት ጥቆማን ሳያጣራ ሲቀበል፣ የሰፈር ጠብ ሁሉ በነጻ የሚሠራ ሰላይ ይሆንለታል።

ከኮምቦልቻ፦ ምንም ያላደረገ ሰው ለምን ይገደላል? ለእነሱስ ምን ይጠቅማል?

ኮታ ስላለ ነው። ጁላይ 30 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. በወጣው የሶቪየት ትእዛዝ 00447 ለእያንዳንዱ ክልል ቁጥር ተቆረጠለት፦ በአንደኛ ምድብ የሚረሸን ይህን ያህል፣ በሁለተኛ ምድብ ካምፕ የሚገባ ይህን ያህል። የክልል ሹማምንት ኮታው እንዲጨመርላቸው ይጠይቁ ነበር፤ ያነሰ ያቀረበ ሹም ራሱ ይጠረጠራላ። በ1937 እና በ1938 በፖለቲካ ክስ የተረሸኑት በራሳቸው መዝገብ 681,692 ናቸው። ዘመቻውን የመራው የዦቭም በ1940 ተረሸነ። ጥፋተኛ ብቻ ቢገደል ሌላው «እኔ ምን አጠፋሁ» ብሎ ይተኛ ነበር፤ ማንም የማይተኛው ዕጣው በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ከደሴ፣ ሆጤ፦ የወሎ ረኃብ ከዚህ ጋር ይያያዛል?

በጣም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የነበረውን ረኃብ ያጠኑት የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ያገኙት ነገር ያማል፦ ገጠሩ እያለቀ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም፤ እህልም በዚሁ በእኛ መንገድ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ገበሬው መግዣ አልነበረውም፤ መግዣ የሌለው ሰው ገበያ ላይ ድምፅ የለውም። ጋዜጣና ፓርላማው ዝም በማለታቸው ድምፁ በሌላ በኩልም አልተሰማም። ደርግ ያንን ዝምታ ንጉሡን ለመጣል ተጠቀመበት።

ከዚያ ራሱ ደገመው። በመስከረም 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የደርግ ፓርቲ የኢሠፓ ምሥረታ በድምቀት ሲከበር ወሎ ይራብ ነበር፤ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይወጡ ተከልክለዋል። ቀደም ብሎም የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬው ላይ በቁርጥ ዋጋ ኮታ ይጥል ነበር፤ ያላመረተ ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል። ነጋዴ እህል ካለበት ወደሌለበት እንዳይወስድ ኬላ ይይዘዋል። ወደ 600 ሺህ ሰው ለሠፈራ ሲወሰድም ኮታ ነበረ፤ ቁጥሩን ለመሙላት ከእርዳታ ጣቢያ ሳይቀር ሰው ታፍሷል። የበታች ሹም «ኮታው አልሞላም፣ ሰው እየሞተ ነው» ብሎ ቢጽፍ የሚቀጣው እሱ ነው። ስለዚህ «ተሟልቷል» ብሎ ይጽፋል።

ከኮምቦልቻ፦ ይህን ያህል ጠንካራ ከሆኑ በድንገት ለምን ይወድቃሉ?

ሁሉም ስለሚደብቅ። ዲሴምበር 21 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. የሩማንያው መሪ ቻውሼስኩ በድጋፍ ሰልፍ ላይ ሲናገር ሕዝቡ መሃል ጩኸት ተነሣ፤ ፊቱ ሲደነግጥ በቀጥታ ሥርጭት ታየ። ብቻዬን ነኝ ብሎ ሲፈራ የኖረው ሁሉ ብቻውን አለመሆኑን በአንድ ጊዜ አወቀ። ነገር ግን ጩኸት ብቻውን አይጥልም፤ በማግስቱ ጦሩ ወደ ሕዝቡ ባይዞር ኖሮ ሰልፈኛው ያልቅ ነበር። ደርግን የጣለው ደግሞ ጦርነት ነው።

ከደሴ፦ ስልክና ኢንተርኔት ባለበት ዘመን ይህ ሊሆን ይችላል?

ይችላል፤ ሰሜን ኮሪያ እየሠራችበት ነው። «ቀይ ኮከብ» የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓታቸው በፍላሽ የሚዞር ፎቶም ሆነ ጽሑፍ ውስጥ የኮምፒውተሩን መለያ በስውር ይጨምራል፤ ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የያንዳንዱ መለያ ይከተለዋል። ታብሌቶቻቸው ደግሞ የተከፈተውን ገጽ በየጊዜው ራሳቸው ፎቶ ያነሣሉ፤ ባለቤቱ ፎቶዎቹን ማየት ይችላል፣ ማጥፋት ግን አይችልም።