ክኒኑን ትቼ ሽፈራው ልጠጣ?

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። 39 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጎሮ አካባቢ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታና ቅዳሜ እሁድ ደግሞ በቴሌግራም የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ በቀጥታ ወደ መኪናው ይገባና እስከ እኩለ ሌሊት ሰው ያመላልሳል። የኮንዶሚኒየሙ ዕዳ አላለቀም። የልጆቹ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ይጨምራል። አሁን ደግሞ ባለቤቴ ቦታ እንግዛ እያለ ነው። «አምስት ዓመት ብቻ እንልፋ፣ ከዚያ እናርፋለን» ይለኛል። ይህንኑ ስንጋባም ብሎኝ ነበር።

አራታችን አንድ ላይ ራት የምንበላበት ቀን ጠፍቷል። ልጆቹ ከውጭ የመጣ በርገር ወይም የታሸገ ኑድል ይበላሉ። የእድር ስብሰባ ላይ አልሄድም፣ ቅጣቱን እከፍላለሁ። ጎረቤቶቼ ቡና ሲጠሩኝ «ዕቃ ልልክ ነው» እያልኩ ቀርቼ ቀርቼ፣ አሁን እነሱም መጥራቱን ትተውታል።

ባለፈው ክረምት ራሴን ሲያመኝ ክሊኒክ ሄድኩ። የደም ግፊቴ 158 በ98 ሆነ። በሌላ ቀን ሲለካም አልወረደም። አምሎዲፒን የሚባል ክኒን ታዘዘልኝ። እሱን ከጀመርኩ ወዲህ ማታ ማታ እግሬ ያብጣል። ለወገቤ ደግሞ ዳይክሎፌናክ ራሴ ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ እወስዳለሁ። ጨጓራዬም ያቃጥለኛል።

አክስቴ ከጎጃም ልትጠይቀኝ መጥታ እግሬን አየችው። «ይሄ ክኒን ነው የሚጨርስሽ። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ጠጪ። እኛ በምን ያደግን መሰለሽ?» አለችኝ። እሷ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗታል። ደረጃውን ስንወጣ እኔ አለከልካለሁ፣ እሷ ትቀድመኛለች። ሰማኋትና ክኒኑን አቆምኩ። ቲክቶክ ላይ «ግፊትን ከሥሩ የሚነቅል የተፈጥሮ ዱቄት» የሚል አይቼም በ2,500 ብር ገዛሁ።

አንዳንዴ ሁሉንም ነገር ጥዬ፣ ልጆቼን ይዤ አክስቴ ዘንድ ልግባ እላለሁ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ድህነት ናፈቀሽ?» ይለኛል። ክኒኑን ትቼ በተፈጥሮ ብቻ መዳን እችላለሁ? ደግሞስ ይህን ሁሉ ሩጫ ትርፉ ምንድን ነው ብዬ መጠየቄ ስንፍና ነው?

የደከመችው እናት

*

እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ነገ ጠዋት የምታደርጊውን ልንገርሽ። ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ። ሐኪምሽን አግኚና ክኒኑን ማቆምሽን ሳትደብቂ ንገሪው። እግርሽ እንደሚያብጥም ንገሪው። አምሎዲፒን እግር ማሳበጡ የታወቀ ነገር ነው፤ ሐኪሞች ሁሌም ያዩታል። መጠኑ ይቀነሳል ወይም በሌላ መድኃኒት ይለወጣል። አክስትሽ እብጠቱ ከክኒኑ መሆኑን በማየቷ ልክ ናት። መፍትሔው ግን ክኒኑን በዝምታ መጣል አልነበረም። እስክትሄጂ ድረስ ደረትሽን ከጨመቀሽ፣ አንድ ጎንሽ ከዛለ፣ አፍሽ ከተሳሰረ ወይም ዓይንሽ ከጋረደሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በቀጥታ ሆስፒታል ግቢ።

ስትለኪ ቀድመሽ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀመጪ። ጀርባሽን አስደግፊ፣ እግርሽን አታነባብሪ። ከመለካትሽ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጪ። ከታክሲ ወርደሽ፣ ደረጃ ሮጠሽ ወጥተሽ የምትለኪው ቁጥር ያሳስታል። ላይኛው 140 ወይም ታችኛው 90 ከደረሰና በተለያየ ቀንም እንዲሁ ከሆነ ግፊት ይባላል። ያንቺ ከዚያ አልፏል።

ሁለተኛው ነገር ያ ዳይክሎፌናክ ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሲደጋገሙ የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላሉ። ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ምናልባት ጨጓራሽን የሚያቃጥለውና ግፊትሽን የሚገፋው ይኸው ለወገብሽ የምትገዢው ክኒን ሊሆን ይችላል። ስሙን ለሐኪሙ ንገሪው። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነም ጥቀሺለት፣ አንዳንዶቹ ግፊት ይጨምራሉ። ለጨጓራው ደግሞ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ እንዲመረምርልሽ ጠይቂ። ካለብሽ ተልባ ብቻውን አያጠፋውም፤ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለው።

አሁን ወደ አክስትሽ ልምጣ። የሀገራችንን ዕፅዋት የማከብራቸው በምክንያት ነው። በ1964 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ቁልቁል፣ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ናቸው። ከዚያ ዕይታ ትልቅ ምርምር ተወለደ። እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጡበት ፍሬ ሕይወት ያለውን ነገር መግደል ይችላል ማለት ነው። ዕፅ ኃይል አለው። ኃይል ካለው ደግሞ መጠን ያስፈልገዋል።

ኮሶም እንዲሁ ነው። የኮሶ ትልን ያስወጣል፣ ሲበዛ ግን ዓይንን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ጤና አዳምን በቡና ላይ ጣል ማድረግ ደስ ይላል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን አብዝታ ብትወስደው ፅንሱን ሊያስወርዳት ይችላል። «ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ንግግር የአባቶቻችን አይመስለኝም። የድሮ መድኃኒት አዋቂ መጠኑን ይነግርሽ ነበር፣ ለማን እንደማይሰጥም ያውቅ ነበር። ያ ቲክቶክ ላይ ያለው ሻጭ ግን ዕድሜሽን እንኳ አልጠየቀሽም።

ሽፈራውን ብዪው። በቅጠልነቱ ጥሩ ምግብ ነው። አርባ ምንጭ አካባቢ ሀለኮ ይሉታል። ኮንሶዎች ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ከሚሠሩት ኩርኩፋ ጋር ቀቅለው እንደ ጎመን ይበሉታል። እዚያ ሽፈራው ራት ነው እንጂ በማንኪያ የሚለካ ተአምር አይደለም። ነጭ ሽንኩርትም ግፊትን ትንሽ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። በ158 ላይ ግን «ትንሽ» አይበቃም። ሁለቱንም ከክኒኑ ጋር በምግብ መጠን መብላት ትችያለሽ። ዱቄቱን ግን ተይው። ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበት፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ የሌለው ነገር ጉበትሽን ምን እንደሚያደርገው ማንም ሊነግርሽ አይችልም። የተከፈለው 2,500 ብር ተከፍሏል፣ ለእሱ ብለሽ አትጠጪው።

አክስትሽ ከአንቺ የጠነከረችው በቅጠል ብቻ ይመስልሻል? በእግሯ ገበያ ትሄዳለች። ባቄላና ሽምብራ በልታ፣ ሲመሽ ተኝታ፣ ጎህ ሲቀድ ትነሳለች። ለአጨዳ ሰው ሲያስፈልግ ደቦ ይወጣል። ስታዝን ብቻዋን አታዝንም። ይህን ሁሉ ትተን ቅጠሉን ብቻ በጠርሙስ ይዘን ስንመጣ ነው የምንሳሳተው። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፤ እሷ ባደገችበት ዘመን ግፊት የሚለካ አልነበረም። «ደህና አድሮ ድንገት ወደቀ» ተብለው የተቀበሩ ሰዎች በየመንደሩ አሉ። ግፊት ምልክት ሳያሳይ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ስናውቅ፣ ስንቶቹ በእሱ እንደሞቱ መገመት አያቅተንም። ዛሬም ቢሆን በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም።

እንግዲህ ለአንቺ የሚሠራው ተፈጥሮ ይህ ነው። ጨው ቀንሺ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የእኛ ቤት ችግር ጨው ወጡ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሽሮውና በርበሬው ገና ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ሲሠራ ይደገማል። በሚቀጥለው ስታስፈጪ ያለ ጨው አዘጋጂው። ልጆቹ የሚበሉት ኑድል ቅመም ደግሞ ጨው የበዛበት ነው። ተራመጂ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት። ጂም አያስፈልግሽም፤ ከታክሲ ቀደም ብለሽ ውረጂ። ተኚ፣ ቢያንስ ሰባት ሰዓት። እነዚህን ጠብቀሽ ጥቂት ወራት ከቆየሽ በኋላ ቁጥሩ ከወረደ፣ ክኒኑን ስለመቀነስ ሐኪምሽን ማናገር ትችያለሽ። ያኔ ንግግሩ በልኬት ላይ የቆመ ይሆናል።

ግን አየሽ፣ ለመራመድም፣ ሽሮ ለማዘጋጀትም፣ ለመተኛትም የሚያስፈልግሽ አንድ ነገር ነው። ጊዜ። እሱን ደግሞ ሽጠሽዋል። በሽታሽንና ሩጫሽን እንደ ሁለት ጥያቄ ጻፍሽልኝ፤ እኔ አንድ ሆነው ነው የታዩኝ።

ገንዘብ ምንም አይደለም ልልሽ አልችልም። የጤፍ ዋጋን፣ የትምህርት ቤት ክፍያን አውቃለሁ። ዕዳ ያለበት ሰው ላይ «ቀለል አድርገሽ ኑሪ» ብሎ መፍረድ ጭካኔ ነው። ነገር ግን የሂሳብ ባለሙያ ነሽና የራስሽን መዝገብ አንድ ጊዜ ክፈቺ። የቴሌግራሙ ንግድ በወር የሚያስገባውን ጻፊ። ከዚያ ላይ የማድረሻውን፣ ያልተሸጠውን ዕቃ፣ ቤት ባለማብሰልሽ ለውጭ ምግብ የሚወጣውን፣ የመድኃኒቱን፣ የክሊኒኩን፣ የእድሩን ቅጣት ቀንሺ። የቀረውን ለሠራሽበት ሰዓት አካፍዪው። ለአንድ ሰዓት የሚደርሰው ብር እንቅልፍሽን የሚያህል ከሆነ ቀጥዪ። እኔ ግን አይመስለኝም።

ይህን ወረቀት ይዘሽ ከባለቤትሽ ጋር ተቀመጪ። «ደከመኝ» ስትዪው ድህነት የናፈቀሽ ይመስለዋል፣ ምክንያቱም እሱም ፈርቷል። ቁጥር ስታሳዪው ግን አብሮሽ ይቆጥራል። አምስት ዓመት የሚለውን ትታችሁ «ስንት ብር ሲሆን ይበቃናል?» ተባባሉ። መጠኑ ያልተነገረ ግብ ሁልጊዜ አምስት ዓመት ይቀረዋል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ የቦታው ግዢ ይቆይ። የኮንዶሚኒየሙ ዕዳ ይቅደም። እሁድ ከንግዱ ትውጣ። ስልኩም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ለደንበኛ አይመልስ። የልጆች ልብስ የሚፈልግ ሰው ጠዋትም ይፈልጋል።

ጥለሽ መሄዱን ግን አልመክርሽም። ለእረፍት ልጆቹን ይዘሽ አክስትሽ ዘንድ ክረሚ፣ ደስ ይላል። ኑሮሽ ግን ጎሮ ነው፣ የልጆችሽ አባትም ያለው እዚያ ነው። የናፈቀሽም ገጠሩ ብቻ አይመስለኝም። ደቦ አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን ለውጦ እድር ሆኗል፣ አንቺ ግን ቅጣት እየከፈልሽ ትቀሪያለሽ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሂጂ። ጎረቤቶችሽ እስኪጠሩሽ አትጠብቂ፣ እሁድ አንቺው ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው። «ጠፍቼባችሁ ነበር» ካልሻቸው ሌላ ማብራሪያ አይጠይቁሽም።

መጠየቅሽም ስንፍና አይደለም። ሰውነትሽ ቀድሞ ጠይቆሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤትሽ ቀን ቢሮ፣ ማታ መሪ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው። እሱስ መቼ ተለክቶ ያውቃል? ነገ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ።