ጥያቄና መልስ፦ በሶማሌ ክልል ጠረፍ ወረዳዎች አንደኛ ደረጃን ማስተማር

የቆላው መምህር፦ ሰላም ቤተሰብ። ጠረፍ ላይ በመምህርነትም በሱፐርቫይዘርነትም ሠርቻለሁ። ጠይቁ። «ትምህርት እንዴት ይሻሻል?» ዓይነት ጥያቄ ግን ይቅርብኝ።

ሳሚ፦ ጋሼ፣ ልጆቹ ለምን ያቋርጣሉ?

መልስ፦ ጥሩ ቦታ ነካህ። ጂላል የሚባለው ደረቅ ወቅት ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው። ግመሉ ውሃ ፍለጋ ይወጣል፣ ልጁም ይከተላል። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ደግሞ ጥር ላይ! ስም መጥሪያውን ግለጡት። ገና ከማለፉ «ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ» ይላል። መጨረሻ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አቋረጠ»። ሚያዝያ ላይ ጉ የሚባለው ዋናው ዝናብ ሲጥል ልጁ ይመለሳል፣ ስሙ ግን ተሰርዟል። ሐምሌና ነሐሴ የምንዘጋው ደጋው ክረምት ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ሊበንና አፍዴር ዞኖች ላይ ያኔ ምን ዝናብ አለ? ጂላል ላይ ዝጉ፣ ሐምሌ ላይ አስተምሩ። የ6ኛ ክፍል ፈተና ክልላዊ ስለሆነ ቀኑን መግፋት ይቻላል። የትምህርት ካላንደሩን ሳትነኩ የትምህርት ቤት ግንብ አትገንቡ!

ብርሃን፦ በምን ቋንቋ ይማሩ?

መልስ፦ ከ1986ቱ ፖሊሲ ጀምሮ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። እዚያ ሶማሊኛ። ቀጣይ።

የደሴ ልጅ፦ ሐምሌ ላይ ማን ያስተምር? እኛ መምህራን ክረምት ላይ ደረጃ ለማሻሻል ዩኒቨርሲቲ እንገባለን።

ሀሰን፦ እናንተ እንድትማሩ ልጁ ይቅርበት?

የደሴ ልጅ፦ ወንድሜ፣ የበረሃ አበላችን ሲዘገይ የት ነበርክ?

ሀሰን፦ አበልህን ከልጁ ላይ ነው እንዴ የምታወራርደው?

መልስ፦ በቃ፣ በቃ! የደሴው ልጅ ያነሳው ትክክለኛ ማነቆ ነው። ለዚህ ነው ሐምሌ ላይ አመቻች ያስተምር የምለው። የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት (መደበኛው ትምህርት ቤት ለማይደርሳቸው ልጆች የሚሰጠው) አመቻች፣ ማለትም አስተማሪው፣ ከዚያው ቀበሌ የተመለመለ ወጣት ነው፣ ክረምት ላይ የትም አይሄድም። መንደሩ ሲነሳ ሰሌዳውን ግመል ላይ ጭኖ አብሮ ይነሳል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለውን በ3 ዓመት ይሸፍናል። ጣጣው 5ኛ ክፍል ላይ ነው። መደበኛው ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ወረዳ ከተማ ነው። ሴት ልጅ እዚያ ማን ዘንድ ትደር? ዘመድ ከሌላት ትምህርቷ አበቃ። ይህን ሳትመልሱ «ሴት ልጅ አስተምሩ» ብላችሁ ወላጅ አትስበኩ።

ጽጌ፦ የተማሪዎች ምገባስ?

መልስ፦ ውሃ ካለ ጥሩ ነው። ብርካው (የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው) ከደረቀ በምን ይበሰላል?

ማሂ፦ ይቅርታ፣ አሁን ገባሁ። ልጆቹ ለምን ያቋርጣሉ?

መልስ፦ ከላይ አንብቢ። ካላንደር!

አቢ፦ ታብሌት ብናድላቸውስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ጠመኔ ይድረስ።

ሊበን፦ ዶሎ አዶ ካምፖች ያሉት የስደተኛ ልጆችስ?

መልስ፦ የስደተኞች አዋጅ 1110/2011ን እይ፣ እንደ ዜጋው ልጅ አንደኛ ደረጃ የመማር መብት አላቸው። ካምፕ ውስጥ አልሠራሁም፣ የሠራ ይመልስ።

ሀሰን፦ እሺ፣ ካላንደሩን እንዴት እናስቀይር?

መልስ፦ እንዲህ ተጠየቅ! የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ከሽማግሌዎች ጋር ይቀመጥ። ግመሉ የሚወጣበትንና የሚመለስበትን ወር ቃለ ጉባኤ ላይ ያስፍሩ። ወረዳው ያንን አያይዞ ለክልል ቢሮ ይጻፍ። ጥቅምት ሳያልቅ ግን። ታኅሣሥ ላይ ብትጽፉ ልጆቹ ሄደዋል።