«የወፍ በሽታ» ከእንስሳት ይመጣል ወይ? ስለ ሄፓታይተስ ኢ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሄፓታይተስ ኢ የተባለው የጉበት ቫይረስ በቤትና በዱር እንስሳት መካከል ስለሚዛመትበት መንገድ ጥያቄ ያላችሁ እንድታቀርቡ ጋብዤ ነበር፤ የደረሱኝን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከሄርማታ)፦ ዶክተር፣ አያቴ የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» ይሉ ነበር። በእርግጥ ከወፍ ይመጣል?

መልስ፦ አይመጣም። ዓይን ቢጫ የሚሆነው በአብዛኛው ጉበት ሲጎዳ ነው፤ ሄፓታይተስ ኢ ደግሞ ጉበትን ከሚጎዱት ብዙ ምክንያቶች አንዱ ነው። ዶሮዎችም የሌሊት ወፎችም ከዚሁ የቫይረስ ቤተሰብ የየራሳቸው ዓይነት አላቸው። የዶሮው ዓይነት ጉበትና ጣፊያን ያሳብጣል፣ የእንቁላል ምርትንም ይቀንሳል፤ ሆኖም የዶሮውም ሆነ የሌሊት ወፉ ሰውን ሲያሳምም አልታየም።

ጥያቄ (ከጅረን)፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቼም አሳማ አይበሉም። ታዲያ የአሳማ በሽታ ለምን ያሳስበናል?

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ለመመለስም የቫይረሱን ዝርያዎች መለየት ያስፈልጋል። 1ኛውና 2ኛው ዝርያ የሰው ብቻ ሲሆኑ፣ በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ውኃ ይዛመታሉ፤ በአገራችን ይበልጥ የሚያሰጉንም እነዚህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች የተከሰተው ወረርሽኝ ለዚህ ምስክር ነው። 3ኛውና 4ኛው የአሳማ፣ የዱር አሳማና የአጋዘን ሲሆኑ ወደ ሰውም ይተላለፋሉ፤ ለ3ኛው ቅርብ የሆነ ዓይነት በጥንቸል ላይም ተገኝቷል። ለእኛ አገር ትኩረት የሚሻው 7ኛው፣ የግመሉ ዝርያ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ግመሎች ደም ውስጥ የቫይረሱ ምልክት የተገኘ ሲሆን፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የግመል ሥጋና ወተት ዘወትር ይመገብ የነበረ፣ ጉበት የተተካለት አንድ ሰው በዚሁ ዝርያ ተይዟል። ስለዚህ አሳማ አለመብላት አንዱን በር ይዘጋል እንጂ ሁሉንም አይዘጋም።

ጥያቄ (የእንስሳት ሕክምና ተማሪ)፦ በእርባታ ውስጥ ቫይረሱ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው እንዴት ነው?

መልስ፦ በአሳማ ላይ ያለው ሂደት በደንብ የተጠና ስለሆነ እሱን ላስረዳ። የአሳማው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ከታወቀ ወዲህ በብዙ አገሮች እርባታዎች በስፋት ተገኝቷል። ግልገሎቹ ከእናታቸው ባገኙት መከላከያ ለጥቂት ሳምንታት ይጠበቃሉ፤ ያ መከላከያ ሲደክም፣ ብዙውን ጊዜ በ2 እና በ4 ወር ዕድሜ መካከል ይያዙና ለሳምንታት ቫይረሱን በዓይነ ምድራቸው ያስወጣሉ። ወለሉ፣ ገንዳው፣ የሠራተኛው ቦቲ ጫማ ሁሉ ይበከላል፤ ከተለያየ በረት የመጡ ግልገሎች ሲቀላቀሉ ደግሞ ሥርጭቱ ይፋጠናል። እንደ ሐኪም ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የተያዘው አሳማ አለመታመሙ ነው፤ ይበላል፣ ይወፍራል፣ ጤነኛ መስሎ ይታረዳል። እኛ የሰለጠንነው የታመመውን እንስሳ ለመፈለግ ነው፤ ይህ ቫይረስ ግን የሚገኘው በፍጉ ውስጥ ነው፤ ፍጉ በዝናብ ታጥቦ ወደ ወንዝና ወደ አትክልት ማሳ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። አንተም ወደ ሥራ ስትወጣ ከእንስሳው ገጽታ ይልቅ የፍጉን መውረጃ አስቀድመህ ተመልከት።

ጥያቄ (ከጎማ ወረዳ)፦ በቆሏችንን ከርከሮና የዱር አሳማ ይፈጁብናል። የሞተውን ከማሳ ስናወጣ ሊይዘን ይችላል?

መልስ፦ በአውሮፓና በጃፓን የዱር አሳማ ከቫይረሱ ዋና ተሸካሚዎች አንዱ ነው፤ የእኛ አገር ከርከሮና የዱር አሳማ ግን ዘመዶቹ ቢሆኑም ሌላ ዓይነት እንስሳት ስለሆኑ፣ ስለዚያኛው የተባለውን እንዳለ ለእነዚህ መስጠት ተገቢ አይደለም። ያም ሆኖ ሬሳውን በባዶ እጅ አትንኩ፣ ከምንጭ ርቃችሁ ቅበሩት፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

ጥያቄ፦ ጥሬ ሥጋና ለብ ያለ ዱለት እንወዳለን፤ ያሰጋናል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓን በሽታው ከሥጋ መተላለፉ የተረጋገጠው ጥሬ የአጋዘን ሥጋ በበሉ ሰዎች ላይ ነው፤ በደቡብ ፈረንሳይም ጥሬ የአሳማ ጉበት ካለበት ቋሊማ ጋር ተያይዟል። ከብት በዚህ ደረጃ ተሸካሚ መሆኑ አልተረጋገጠም። በቻይና ዩናን ግዛት ቫይረሱ በላም ወተት ውስጥ መገኘቱ ተዘግቦ ነበር፤ በጀርመን የተመረመረው ወተት ግን ነፃ ሆኖ ተገኝቷል። ቢሆንም ጥሬ የከብት ሥጋ ኮሶን፣ ያልፈላ ወተትም ሌላ በሽታን ስለሚያመጣ በሁለቱም ምክሬ አይለወጥም፤ ሥጋው ይብሰል፣ ወተቱም ይፍላ። ይህ ቫይረስ ለብ ባለ ሙቀት አይሞትም፤ ሥጋው መሐሉ ድረስ 71 ዲግሪ ደርሶ ለ20 ደቂቃ መቆየት አለበት።

ጥያቄ (ከኮቺ)፦ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ግቢያችን ውስጥ ላምና ዶሮዎች አሉ። ላርቃቸው?

መልስ፦ አይራቋቸው፣ እህቴ። ነፍሰ ጡርን ለሞት የሚያሰጋት በተለይ በውኃ የሚመጣው የሰው ዝርያ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከሚያዙት እናቶች ከ100 ከ20 እስከ 25 የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። ይህን የምነግርዎ ላስፈራዎ ሳይሆን፣ ጥንቃቄዎ ሁሉ በሚጠጡት ውኃ ላይ እንዲሆን ስለምፈልግ ነው። ውኃውን አፍልተው ይጠጡ፤ በአዌቱ ወንዝ የታጠበ ሰላጣ ጥሬውን አይብሉ፤ በረት የሚጠርግልዎ ሌላ ሰው ይኑር። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ።

ጥያቄ (የእህል ነጋዴ፣ ከመርካቶ)፦ አይጥስ?

መልስ፦ የአይጥ ቫይረስ ከሌሎቹ በጣም ስለሚለይ ሰውን አይነካም ተብሎ ይታመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ግን በሆንግ ኮንግ ጉበት በተተካለት ሰው ላይ ተገኘ፣ ሌሎች ሕሙማንም ተከተሉ። መጋዘንዎን ሲያጸዱ ኩሱን በደረቁ አይጥረጉ፤ አስቀድመው በበረኪና ያርጥቡት፣ ጓንትም ያድርጉ። እህሉንም ከመሬት ከፍ አድርገው በርብራብ ላይ ይደርድሩ።