ከድሬዳዋ ባሕር ዳር፦ ሁለት ትኬት እንዳትገዢ

እህቴ፣ ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ባሕር ዳር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነና በረራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቀሻል። እኔ በዚሁ መንገድ ገንዘቤንም ቀኔንም ስለከሰርኩ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

1. ርቀቱ በአየር በቀጥታ ሲለካ 540 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢንተርኔት ላይ «አንድ ሰዓት ከሩብ» የሚል ካየሽ አትመኚው። ከድሬዳዋው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ በባሕር ዳሩ በላይ ዘለቀ የሚያርፍ ቀጥታ በረራ እኔ በሄድኩበት ጊዜ አልነበረም። መንገዱ በቦሌ ነው፤ እስከ አዲስ አበባ 340፣ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር 330 ኪሎ ሜትር ያህል፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ሰዓት ገደማ። ቀኑን የሚበላው በመካከል ያለው ጥበቃ ነው።

2. አነጋገርሽ የሐረር ልጅ ያስመስልሻል። ከሆንሽ፣ ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን የደንገጎን ቁልቁለት በሌሊት መውረድ ስላለብሽ መኪናውን ከዋዜማው ተነጋግረሽ ጨርሺ። እኔ ለጠዋቱ በረራ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የተነሣሁት።

3. ትኬቱ። ሐምሌ ላይ ታናሽ ወንድሜ ባሕር ዳር ሊመረቅ ነበርና አንድ የትኬት መሸጫ ቢሮ ገባሁ። ሻጯ ከስልኳ ቀና ሳትል ሁለት ወረቀት ሰጠችኝ። «ለምን ሁለት ሆነ?» አልኳት። «ይረክስልዎታል፤ ካልፈለጉ ይተዉት» አለችኝ። ከፈልኩ። በበረራው ዕለት አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ ከብዶ ከድሬ ዘግይተን ተነሣን። ቦሌ ወርጄ ሻንጣዬን እስክቀበልና እንደገና ለመመዝገብ እስክሰለፍ የባሕር ዳሩ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ትኬቶቹ የተያያዙ ስላልሆኑ እኔ ለእነርሱ ሳልመጣ የቀረሁ መንገደኛ ነበርኩ። ለማግስቱ በራሴ ገንዘብ ሌላ ትኬት ገዛሁ። ወንድሜ ጋውኑን ለብሶ ከእናታችን ጋር ፎቶ ሲነሣ እኔ አዲስ አበባ የሆቴል አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ ለእርሱ ያስጠቀለልኩት የሐረር ሐልዋ እግሬ ሥር ነበር። ተመልሼ ቢሮውን ስጠይቅ «እኛ ትኬት እንሸጣለን እንጂ ደመና አናዝም» ተባልኩ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

በማግስቱ ዓመት ለጥምቀት ስሄድ እስከ ባሕር ዳር ድረስ በአንድ ትኬት አስቆረጥኩ። ሻንጣዬ ድሬ ላይ ተመዝግቦ ባሕር ዳር ላይ ተቀበልኩት። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ እንኳ በሚቀጥለው የሚያሳፍሩሽ እንዲህ ሲሆን ነው። አሁን የሰፈሬ ሰው ሁሉ ትኬት ከመግዛቱ በፊት ወረቀቱን ለእኔ ያሳያል።

ስለዚህ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ወረቀቱ ላይ ያለውን ስድስት ፊደልና ቁጥር የያዘ የምዝገባ ኮድ ተመልከቺ። ለሁለቱም በረራ አንድ ዓይነት ከሆነ ክፈዪ። የተለያየ ከሆነ የፈለገውን ያህል ቢረክስም ወረቀቱን መልሰሽላቸው ውጪ።