ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ሆኜ ለለንደን እሠራለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ስብሰባ ይቋረጥብኛል፣ አዲስ አበባ ልግባ?

ለዚህ ብለሽስ አትግቢ። አዲስ አበባም መብራት ይጠፋል፤ ኪራዩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ላፕቶፕሽ በባትሪው ይቀጥላል፤ የሚሞትብሽ ራውተሩ ነው። እሱን አድኚው።

1. የራውተሩን ቻርጀር ገልብጠሽ ቮልቱንና አምፔሩን አንብቢ። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው።
2. በዚያው ቮልት የሚሠራ ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ግዢ፤ አምፔሩ እንዳያንስ። መስመርሽ ፋይበር ከሆነና ግድግዳው ላይ ያለችው ሣጥን ለብቻዋ ከተሰካች እሷም ኃይል ትፈልጋለች። ይህን ብዙ ሰው ይረሳና "ዩፒኤሱ አይሠራም" ይላል።
3. ዋናው መስመርሽ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ የሳፋሪኮም ሲም ለተጠባባቂ ያዢ። መጀመሪያ ግን የምትሠሪበት ክፍል ውስጥ ሞክሪው።

ባትሪውን መስኮት ሥር አታሳድሪው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አቅሙን ያሳጥረዋል።

እኔ እንዳየሁት ሰው ከአሠሪው ጋር የሚጋጨው ከመብራት ይልቅ በሰዓት ነው። ለንደኖች በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ይገፋሉ፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይመልሱታል። እኛ አንነካውም። ስለዚህ የእነሱ ጠዋት 9 ሰዓት ከማርች በኋላ ለእኛ ረፋድ 5 ሰዓት ነው፤ ከኦክቶበር በኋላ ቀትር 6 ሰዓት ይሆናል። ስብሰባውን ካላንደር ላይ በለንደን ሰዓት መዝግቢው፤ "በ3 ሰዓት እንገናኝ" ብለሽ በቃል አትስማሚ።