ቅርፊት፣ ልጣጭ ወይስ ገለባ?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች ስለ ዕፅዋት አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አበባንና ፍሬን ከውጭ የሚሸፍነውን ሁሉ «ቅርፊት» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ግን «አያስኬድም» አለችኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። የወል ስም ከፈለጉ «ሽፋን» ይበቃል።

አማርኛ እነዚህን ሽፋኖች ሲሰይም ብዙ ጊዜ አነሣሣቸውን ያያል። ስለዚህ መጀመሪያ ግሱን ይፈልጉ። ሙዝ ይላጣል፤ የሚወጣው ልጣጭ ነው። ለውዝ ይፈለፈላል፤ ደረቁ ሽፋን ቅርፊት ነው። ስንዴ ይወቃል፣ ይበጠራል፤ የሚለየው ገለባና እብቅ ነው። ተፈጭቶ ሲነፋ ወንፊት ላይ የሚቀረው ደግሞ ፉርሽካ ነው። እብቅና ፉርሽካ እንዳይምታቱብዎ፤ እብቁ ፍሬውን ከውጭ ያቀፈው ነው፣ ፉርሽካው ግን የፍሬው የራሱ ቆዳ ነው። ብርቱካን ላይ ቅርፊትም ልጣጭም ሲባል ይሰማል። እኔ ልጣጭ እላለሁ፤ ይላጣላ!

አተር ላይ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። በዕለት ንግግር «ፍሬ» የምንለው ውስጡ ያሉትን ድቡልቡሎች ነው። በዕፅዋት ሳይንስ ፍሬው ከነሽፋኑ ያለው ሙሉው ነገር ነው። ድቡልቡሎቹ ዘር ናቸው። አንዱን ሙሉ ፍሬ ከፍተው ቢያዩ ዘሮቹ በአንድ ወገን ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ተያይዘዋል። ለተማሪ ሲጽፉ «ዘር» እና «ፍሬ» ካልተለዩ ሽፋኑም አይገባውም። በቆሎ ሌላ ነው። እሸቱን የጠቀለለው አረንጓዴ ሽፋን እውነተኛ ቅጠል ነው፤ ከታች እስከ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩት ደም ሥሮቹ ይመሰክራሉ። ስለዚህ «የበቆሎ ሽፋን ቅጠል» ቢሉ አይሳሳቱም።

ወደ አበባው ስንመጣ፣ እንቡጡን የሚጠብቁትን ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ማንም አይልጣቸውም፣ አይፈለፍላቸውም። አበባው ሲፈካ ራሳቸው ይከፈታሉ። ስለዚህ ቅርፊትም ልጣጭም አይባሉም፤ «የአበባ ሽፋን ቅጠሎች» ይበሏቸው። ቲማቲም ጫፍ ላይ እንደ ኮከብ ተዘርግተው የሚቀሩት እነሱው ናቸው።

አንድ ልጨምር። ቡጌንቪሊያ ላይ ቀይ ወይም ሐምራዊ ሆኖ የሚታየውን ሁላችንም አበባ እንለዋለን። ቀለሙ ያለው ግን ቅጠሉ ላይ ነው፤ አበባው መሐሉ ላይ ያለችው ነጣ ያለች ቀጭን ቱቦ ናት። በጨዋታ መሐል «አበባ» ቢሉት ማንም አይወቅስዎትም። በትምህርት ጽሑፍ ግን ለይተው ይጻፉት።